ፈረሱ ቀድሞ ያያል፦ ከባሌ ተራሮች የጉዞ ማስታወሻ

የመጀመሪያው ቀን

ከአዲስ አበባ በአዳማና በአሰላ በኩል ዲንሾ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና ከአሰላ እስከ በቆጂ፣ ከዚያም እስከ አሳሳ ድረስ መንገዱ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ያልፋል፤ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ገሚሱ ገና ኮምባይነር ይጠብቃል። ዶዶላንና አዳባን ስናልፍ ብርዱ ጠና፤ ከሻንጣ ጃኬት ማውጣት ግድ ሆነ።

የመጣነው የዱር እንስሳትን በፈረስ ላይ ሆነን ለማየት ነው። እኔም አብራኝ የተጓዘችው ጓደኛዬም ከዚያ በፊት ፈረስ ላይ ወጥተን አናውቅም። ለምን በእግር ወይም በመኪና አልሄዳችሁም ለሚለን ሰው የምንሰጠውን መልስ ገና ዲንሾ ሳንገባ አገኘነው። አስፋልቱ ከከተማዋ በፊት ጋይሳይ የሚባለውን የሣር ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል። ከመንገዱ ገባ ብሎ የደጋ አጋዘን መንጋ ይግጣል። አንድ የአካባቢው ሰው ፈረሱን እያሰገረ በአጠገባቸው አለፈ፤ ቀና ብሎ ያየው አጋዘን የለም። ከፊታችን ጥግ ይዛ የቆመችውን መኪናም ከቁም ነገር አልቆጠሯትም። በሯ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች በእግራቸው ሲወርዱ ግን ጆሮዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆሙ፤ ሰዎቹ ጥቂት እንደተራመዱም መንጋው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

የዱር እንስሳ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚመጣውን ፍጡር ለይቶ ያውቃል። ፈረስ ግን በዚህ ሜዳ ከከብት ጋር ሲግጥ የኖረ ጎረቤት ነው። ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቅርጹ ከፈረሱ ጋር ስለሚዋሃድ ያን ያህል አያስበረግጋቸውም።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ነው። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የመግቢያውን ከፍለን፣ አስጎብኚና ፈረስ ለማግሥቱ ይዘን ለዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልጨመርንም። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው በደረሰበት ዕለት ጥቂት ደረጃ ሲወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። ውኃ እየጠጡ ቀስ ማለት ነው። ይህም ጀማሪ ሰው ፈረስ እንዲመርጥ የሚያበቃ ሌላ ምክንያት ነው፤ አቀበቱን የሚወጣው እሱ ነውና።

ሁለተኛው ቀን

ፈረሶቹ በጠዋት ቀረቡ። የባሌ ፈረስ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ኮቴው ጠንካራ ነው፤ ብርዱንም አቀበቱንም ለምዶታል። ለእኔ የደረሰኝ ዳማ፣ ማለትም ቀላ ያለ ቡናማ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ካፖርት ላይ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ናቸው፤ ጉዞውን በሙሉ አብረውን ሊሄዱ ዱላቸውን ይዘው መጥተዋል። ኮርቻው ላይ ብርድ ልብስና የበግ አጎዛ ተነጥፎበታል።

“ከኋላው አትምጪ ልጄ” አሉኝ መጀመሪያ፤ “ያላየው ነገር ያስደነግጠዋል።” የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን 350 ዲግሪ ያህል ያያል። የሚሰወርበት ከግንባሩ ፊት ያለው ጠባብ ቦታና ልክ ከጭራው ኋላ ያለው ብቻ ነው። በትከሻው በኩል ቀርቤ አንገቱን ዳበስኩት፤ አንድ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ፤ ሌላው ወደ ሜዳው እንዳዘነበለ ቀረ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም እንጂ የጉዞው ሁሉ ቁልፍ እዚያ ነበር።

አዛውንቱ የኮርቻውን ጠፍር አጠበቁ፤ ጥቂት ጠብቀው እንደገና አጠበቁት፤ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ስለሚነፋ የመጀመሪያው አይታመንም። የእርካቡን ቁመት በክንዴ ርዝመት ለኩት። እግር እርካቡ ውስጥ የሚገባው እስከ ጣቶቹ ሥር ብቻ ነው፤ ተረከዝ ዝቅ ይላል። እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሰደደ ሰው ቢወድቅ እግሩ ተይዞ ይጎተታልና ይህን ደጋግመው አስጠነቀቁን። ዛቡ፣ ከልጓሙ ጋር የተያያዘው መምሪያ ጠፍር፣ ላላ ተደርጎ ይያዛል። “አፉን አትጎትቺው፤ ልጓሙ ያመዋል። አቀበት ላይ ጋማውን ያዢ፤ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ዘንበል በይ። የቀረውን እሱ ያውቀዋል።” ትምህርቱ በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል። ሶምሶማም ግልቢያም አልሞከርንም፤ አስጎብኚያችንም አልፈቀደም፤ አውሬ ለማየት የመጣ ሰው ከእርምጃ በላይ ፍጥነት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግረኝ ኮርቻው ላይ ተማርኩ። ዓይኑን መሬት ላይ የተከለ ጀማሪ ሰውነቱም ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ይጨነቃል፣ ፈረሱንም ያስጨንቃል። አሻግሮ የሚያይ ሰው ሚዛኑን ሳያስበው ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ሥራችን አሻግሮ ማየት ነበር። የዱር እንስሳ ፍለጋ ፈረስ መቀመጥን ያስተምራል ብዬ በሙሉ እምነት የምናገረው ለዚህ ነው።

በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ ጀመርን። ከርከሮዎች የፊት እግሮቻቸውን አጥፈው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ፤ ፈረሶቹ ሲያልፉ ራሳቸውን እንኳ አላነሱም። የምኒልክ ድኩላ ከጥላው ውስጥ ቆሞ አየን፤ ወንዱ ጥቁር ነው ለማለት የሚያስደፍር ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ከዚያ ወደ ጋይሳይ ወጣን።

ሜዳው ሰፊ ነው። ጭቁኝ በየቦታው ቁጥቋጦ ሆኖ በቅሏል፤ የፈረሶቹ ሆድ ሲነካው ሽታው ያውዳል። በመነጽር ወዲያና ወዲህ ስፈልግ አስጎብኚያችን ከጎኔ መጣ። “ሜዳውን ለጊዜው ይተዉትና የፈረስዎን ጆሮ ይመልከቱ” አለኝ። የዳማው ሁለት ጆሮዎች ወደ አንድ ጭቁኝ ተቀስረዋል። እኔ የማየው ቅጠል ብቻ ነው። ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ከቅጠሉ በላይ ጫፉ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ቀንድ ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎ ሌላ።

ሁለት ወንዶች ነበሩ። የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቀንዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። በዓይኖቻቸው መካከል ነጭ ምልክት፣ በጉንጫቸው ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ጎን ለጎን ሆነው መዞር ጀመሩ። ከአንገታቸው እስከ ወገባቸው ያለው ጠጉር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እግራቸውን የሚያነሱት በዝግታ፣ ግትር አድርገው ነው፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በጎን ይተያያሉ። አልተዋጉም። ይህ ወቅት ወንድና ሴት የሚገናኙበት ስለሆነ ወንዶች አሸናፊውን ብዙውን ጊዜ የሚለዩት እንዲህ በመታየት ነው፤ አንደኛው ግዝፈቱን ሲያሳይ ሌላው ይሸሻል። እነዚህ ግን ሳይለያዩ ረጅም ጊዜ ዞሩ። የእኔ ዳማ በመካከሉ አንገቱን ደፍቶ መጋጥ ጀመረ፤ እሱ ሲግጥ ከጀርባቸው የነበሩት ሴቶችም ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ሜዳው ሰላም መሆኑን የነገራቸው ፈረሱ ይመስለኛል።

ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም አይገኝም። ሳይንስ ስም ሰጥቶ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ለዚህን ያህል ትልቅ እንስሳ በጣም ዘግይቶ። ምስሉን በአሥር ሳንቲማችን ላይ ሁላችንም ይዘነዋል፤ በአካል ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። እ.ኤ.አ. በ1991 የመንግሥት ለውጥ ወቅት በአደን ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር፤ ዛሬ በዚህ ሜዳ ማንም በፈረስ ሲያልፍ ሊያየው መቻሉ የጥበቃ ሠራተኞቹና የአካባቢው ሕዝብ ድካም ውጤት ነው።

ሦስተኛው ቀን

ወደ ወይብ ሸለቆ ጉዞ። ስንቅና ድንኳን የጫኑት ፈረሶች ቀድመውን ሄዱ።

ረጅሙ የኮርቻ ቀን ይህ ነው። ጭንና ጉልበት ያማል፤ አስጎብኚያችን በየጊዜው እያወረደን ጥቂት በእግር ያስኬደን ነበር፤ ለፈረሱም እረፍት ነው። ወንዝ ስንሻገር ዳማው ቆሞ ውኃውን አሸተተ፣ በኮቴው ሞከረው፣ ከዚያ በራሱ መንገድ አለፈ። ዛቡን አላልቶ እንዲመርጥ መተው ለጀማሪ የሚከብድ ይመስላል፤ ግን ድንጋያማ መሬት ላይ አራት እግር ያለው መምረጡ ተገቢ ነው። ረግረጉ ዳር ክንፈ ሰማያዊ ዝይዎች ነበሩ፤ እነሱም የኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። በሰማይ ጭልፊቶች ይዞራሉ።

ከሰዓት በኋላ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ደረስን። በታኅሣሥ ውኃው ቀንሷል። በዚያው አካባቢ ያለውን የዋሻ መጠለያ ለማየት ወረድን፤ ለእኔ ከፏፏቴው ይልቅ የገረመኝ እሱ ነው። 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ዋሻ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ እስካሁን ከሚታወቁት የደጋ መኖሪያዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ነው። ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ከ4,200 ሜትር በላይ ካሉ ቦታዎች እየወጡ ያመጡ ነበር። ምግባቸው ምን ነበር? በአፈሩ ውስጥ በብዛት የተገኘው የተጠበሰ አጥንት የግዙፉ የባሌ ፍልፈል ነው።

ያ ፍልፈል አሁንም እዚያው አለ። ከዋሻው ወጥተን ኮርቻ ላይ ስንመለስ የቆፈረው ትኩስ አፈር በመንገዳችን ግራና ቀኝ ተቆልሎ ነበር። ዳማው ጉድጓዶቹን እያሸተተ በመካከላቸው በጥንቃቄ ይረግጣል፤ እግሩ ቢሰምጥ ይሰበራልና አዛውንቱ እዚህ ላይ ዛቡን ራሳቸው ይዘው ሳቡት።

ሶዶታ በሚባል ቦታ ሰፈርን። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነበር። ፈረሶቹ ላይ ብርድ ልብስ ደረቡላቸው፤ ሌሊቱን ጅብ ጮኸ፣ እነሱ ተጠጋግተው ቆሙ።

አራተኛው ቀን

ሜዳው በጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኗል። አስጎብኚያችን አልቸኮለም። ቀይ ቀበሮ እንደ ብዙዎቹ አዳኝ እንስሳት በሌሊት አያድንም፤ ምግቡ የሣር አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነሱ ደግሞ መሬቱ ሳይሞቅ አይወጡም። ቁርሳችንን በልተን፣ ፀሐዩ ውርጩን ሲያነሳ ተጫነን።

ሸለቆው ለጥ ያለ ነው፤ ወርቃማ ሣር፣ መካከል መካከሉ ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። መጀመሪያ ያየነው ፍልፈሉን ነው፣ ያውም በቅርብ። ፈረሶቹ ቆመው ሳለ አፈር ከጉድጓድ ተገፍቶ ወጣ፤ ቀጥሎ ሰፊ ቡናማ ጭንቅላት። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ሳይወጣ አካባቢውን ይቃኛል። ግማሽ አካሉን አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር በፍጥነት እየነቀለ አፉ ውስጥ አጎረ፤ አንዲት ትንሽ ወፍ ከተቆፈረው አፈር ትል ልትለቅም በአጠገቡ አርፋለች። ወፏ ድንገት ጮኻ ተነሳች። ፍልፈሉ ወደ ኋላው ተስቦ ገባ፤ የነቀለው ሣር አፋፉ ላይ ቀረ።

ዳማው ጆሮውን የቀሰረው ያን ጊዜ ነው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ከብቶች። እረኛው የሚነዳቸው ላሞች በዝግታ ወደ እኛ ይመጡ ነበር። በላሞቹ እግሮች መካከል ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። “ቆይ” አለ አስጎብኚው በሹክሹክታ፤ ፈረሶቹን ከጎን እንድናቆም በእጁ አሳየን።

ቀይ ቀበሮ ነበር። ጠጉሩ ደማቅ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሮቹ ረጃጅም፣ አፉ ቀጭን፣ ጭራው ወፍራምና ጫፉ ጥቁር። ከላሞቹ ጋር የሚሄደው አስቦበት ነው፤ አይጦቹ ከብት አይፈሩም፣ ከብቱ ሲያልፍ እሱ ተጋርዶ ይደርሳል። ፈረሶቹንም ከከብቱ ቆጠራቸው መሰለኝ፣ አንድ ጊዜ አይቶን ዓይኑን መለሰ። ወፏ የጮኸችበትን ቦታ አልዘነጋም። ጉድጓዱ አጠገብ ደረሰና ሆዱን መሬት አስነክቶ ተኛ። ላሞቹ አልፈው ሄዱ፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። የዳማው ትንፋሽ ከጭኔ ሥር ሲወጣና ሲገባ ይሰማኛል። አፈሩ ሲነቃነቅ ቀበሮው ተወርውሮ አፉን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፣ በፊት እግሮቹ ቆፈረ፣ ጎትቶም አወጣው። ግዙፉ ፍልፈል አንድ ኪሎ ግራም ሊደርስ ስለሚችል ለአንድ ቀበሮ በቂ ምግብ ነው። ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት የዋሻው ሰዎች ከዚሁ ሜዳ ያደኑትን ያንኑ እንስሳ በአፉ ይዞ ወደ ድንጋያማው ጉብታ ሮጠ።

ልከተለው ፈልጌ ነበር። አስጎብኚያችን አልፈቀደም። “እዚያ ግልገሎች አሉ። ከዚህ መስመር አናልፍም።” ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የምትወልደው የመንጋው ቀዳሚ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ አድነው እያመጡ ግልገሎቿን ያሳድጋሉ። ሰው ከቀረበ እናቲቱ ግልገሎቹን ወደ ሌላ ጉድጓድ ታዛውራለች፤ በዚያ ብርድ ሞት ሊያስከትል ይችላል። እምቢታው ትክክል ነበር፤ እንዲህ ያለ አስጎብኚ የያዘ ሰው ዕድለኛ ነው።

የዓለም ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው ጥይት አይደለም። ከእረኞች ውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ በኋላም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 መንጋዎችን ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። በፈረስ የሚሄድ ቡድን ውሻ አስከትሎ እንዳይገባ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማንም ሰው “የእኔ ውሻ ጤነኛ ነው” ብሎ ሊከራከርበት የማይገባ ክልከላ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሌላ ጉብታ ላይ መንጋው ተሰብስቦ ለምሽቱ ዙረት ሲነሳ ከሩቅ አየነው። ስድስት ቆጠርን። እየተሻሹ፣ ጭራ እየቆሉ፣ ከዚያ ተሰልፈው ወሰናቸውን ለመዞር ሄዱ። ሲያድኑ ለየብቻ፣ ወሰናቸውን ሲጠብቁና ልጅ ሲያሳድጉ አብረው ናቸው።

አምስተኛው ቀን

ወደ ዲንሾ መመለሻ። ፈረስ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ ይፈጥናል፤ ዛቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መያዝ አስፈለገ። ገደሉ ላይ ሁለት ሰሶች፣ ሚዳቋ መሰል የገደል እንስሳት፣ በድንጋይ ጫፍ ቆመው አዩን፤ የዳማው ጆሮ ሳይጠቁመኝ ቀድሜ ያገኘኋቸው ብቸኛ እንስሳት እነሱ ናቸው።

በመንገድ አንድ እረኛ ልጅ አገኘን፤ ውሻው አብሮት ነበር። አዛውንቱ በኦሮምኛ ጠየቁት፤ ውሻው ክትባቱን መቼ እንዳገኘ፣ ማን እንደወጋው ተናገረ። ከዚያ ስለ ግጦሽ ረጅም ወሬ ጀመሩ። ፓርኩ ውስጥ የሚግጠው ከብት መብዛቱ ለቀበሮውም ለአጋዘኑም ሥጋት ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ከብት ኑሮ ነው። ፈረሶቹ በተራ መያዛቸው እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ጎብኚ ሲመጣ ተራ የደረሰው ባለ ፈረስ ይወጣል፤ ገንዘቡ በየቤቱ ይዳረሳል። ቀበሮው በሕይወት መኖሩ የሚጠቅመው ቤተሰብ በበዛ ቁጥር ጠባቂው ይበዛል። እኔ በበኩሌ መኪና እየቻሉ ፈረስ የሚይዙ ሰዎች ቁጥር እንዲጨምር የምመኘው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

መሄድ ለሚያስብ ጀማሪ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል። ረጅምና ወፍራም ሱሪ፣ ጓንት፣ የፀሐይ ኮፍያ ይያዝ። የመነጽሩ ማንጠልጠያ አጠር ይበል፤ ረጅም ከሆነ በየእርምጃው ደረት ይመታል። ፈረሱን በእግር የሚስብ ሰው አብሮ እንዲሄድ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ዓይን ነፃ የሚሆነው እንዲያ ሲሆን ነው።

ዲንሾ ስንደርስ አዛውንቱ ኮርቻውን አውርደው የዳማውን ጀርባ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ የቆሰለ ቦታ አልነበረም። ከሶዶታ አልፎ ራፉ በሚባል ቦታ በኩል ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ የሚወስደው ረጅሙ የፈረስ መንገድ እንደሚቀረን ነግረውን፣ ክረምቱ እንዳለፈ እንድንመጣ ቀጠሩን። ጓደኛዬና እኔ የሥራ ፈቃዳችንን ለኅዳር አስመዝግበናል።